የአንድ ዓመት የአርኪዮሎጂ ግኝቶችን ራሳችሁ አጠናቅሩ፤ 2024ን ይዘን እንሞክረው

የአውሮፓውያን ዓመት ሊያልቅ ሲል «የዓመቱ አስር ምርጥ የአርኪዮሎጂ ግኝቶች» የሚሉ ዝርዝሮች ኢንተርኔቱን ይሞሉታል። ወርቅ፣ መቃብር፣ ሐውልት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «ምስጢራዊ» የሚል ቃል፣ አለቀ። አንብባችሁ ስትጨርሱ «እሺ፣ ስለ ቀድሞ ሰዎች ምን አዲስ ነገር አወቅን?» ብትሉ እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

የራሳችሁን ብታዘጋጁ በጣም ይሻላል። ለክፍል ሥራ ይሁን፣ ለቴሌግራም ቻናል፣ ወይም ዝም ብሎ ለራሳችሁ። ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ትዕግሥትና ትንሽ ጥርጣሬ ይበቃል። እኔ ለምሳሌ የምወስደው 2024ን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመቱ ሀብታም ነበር። ደግሞም ዜናዎቹ ከወጡ በኋላ የተከተለውን እርማትና ክርክር ለማየት በቂ ጊዜ አልፎታል።

መጀመሪያ «የዓመቱ ግኝት» ምን ማለት እንደሆነ ወስኑ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ዝርዝር የሚበላሸው እዚህ ነው። አንድ ግኝት ቢያንስ ሦስት ቀኖች አሉት። ነገሩ የተገኘበት፣ የተመረመረበትና ለሕዝብ የተነገረበት። በመካከላቸው ዓመታት፣ አንዳንዴም ምዕተ ዓመታት ይኖራሉ።

በጥር 2024 በኢኳዶር አማዞን፣ በኡፓኖ ሸለቆ ውስጥ፣ ከ6,000 በላይ የአፈር መደቦችና በቀጥታ የተዘረጉ መንገዶች ያሉት ሰፊ የከተሞች መረብ ተገኘ የሚል ዜና ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ስቴፋን ሮስታን በቦታው መቆፈር የጀመረው በ1990ዎቹ ነው። ከአየር በሌዘር የሚለካው የላይዳር ቅኝት የተካሄደው ደግሞ በ2015 ነው። 2024 የጥናቱ መታተሚያ ነው። በኬንያ ኩቢ ፎራ የሁለት የተለያዩ የሰው ዘር ዝርያዎች የእግር ዱካ አንድ ጭቃ ላይ ታትሞ መገኘቱም እንደዚሁ ነው። ዱካው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የተገኘው በ2021 ነው፣ ጥናቱ የወጣው በኅዳር 2024።

ከሁሉ የባሰው ሄርኩላኔም ከተባለች የጥንት ሮማውያን ከተማ የተገኘው የጽሑፍ ጥቅል ነው። ፓፒረሱ በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከሰለ። ከመሬት የወጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሳይከፈት በኤክስሬይ ምስልና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያነበቡት ሦስት ወጣቶች ሥራቸውን ያስገቡት በ2023 ማብቂያ ነው። የ700,000 ዶላር ሽልማታቸው የተነገረው ደግሞ በየካቲት 2024 ነው። ታዲያ የየትኛው ዓመት ነው?

የእኔ ምክር ይህ ነው። ዝርዝራችሁን በታተመበት ወይም በይፋ በተነገረበት ቀን ገንቡ፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው የሚችለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ግን የተገኘበትንም ቀን ከጎኑ ጻፉ፣ ሁልጊዜ። ኤክሴል ላይ ሁለት ዓምድ ማለት ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሩ ከሆነም አንዱ የአውሮፓ ዓመት ለሁለት እንደሚከፈል አትርሱ። ከሁለቱ አቆጣጠሮች አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ።

የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ሐሳብ ያስለወጠውን ፈልጉ

ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንድ ግኝት ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለበት ከእሱ በፊት እናምነው የነበረው ነገር ከእሱ በኋላ ከተለወጠ ነው። በዚህ ሚዛን 2024ን ስትመዝኑት አስገራሚ ነገር ታያላችሁ። የዓመቱ ትላልቅ ግኝቶች ብዙዎቹ ከአዲስ ጉድጓድ አልወጡም። ሙዚየም መደርደሪያ ላይ፣ ወይም ሰው በየቀኑ በሚጎበኘው ቦታ ላይ የነበሩ ናቸው።

ስቶንሄንጅን፣ በእንግሊዝ ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ፣ ውሰዱ። መሀል ላይ የተኛ 6 ቶን ገደማ የሚመዝን «የመሠዊያ ድንጋይ» የሚባል አለ። ለ100 ዓመት ያህል ከዌልስ እንደመጣ ሲታመን ቆይቷል። በነሐሴ 2024 በኔቸር ጆርናል የወጣ ጥናት ከድንጋዩ የተወሰዱ ቁርጥራጮች ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ማዕድናት፣ ዚርኮንን የመሳሰሉትን፣ ዕድሜ ለካ። የማዕድናቱ ዕድሜ በብሪታንያና አየርላንድ ካሉ የድንጋይ መደቦች ጋር ሲነጻጸር የገጠመው ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ጋር ነው። ያ ማለት ቢያንስ 700 ኪሎ ሜትር ርቀት። ከ4,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ መንኮራኩር እዚያ አገር ባልተለመደበት ዘመን፣ ሰዎች 5 ሜትር ርዝመት ያለው ድንጋይ ያን ያህል መንገድ አጓጉዘዋል ማለት ነው። ይህ ስለ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ከደሴቲቱ ዳር እስከ ዳር የሚተዋወቁና የሚተባበሩ ሰዎች ነበሩ ወደሚል ጥያቄ ይወስዳል። ወርቅ የለውም፣ ፎቶውም አያምርም። እኔ ግን ከዓመቱ አንደኛ አደርገዋለሁ።

በዚያው በቬሱቪየስ ፍንዳታ በተቀበረችው በፖምፔይም ላይ እንዲሁ። «የወርቅ አምባር ቤት» በሚባለው ቤት ውስጥ ሕፃን የያዘ፣ ክንዱ ላይ ወርቅ ያሰረ ሰው የፕላስተር ቅርጽ አለ። ለአሥርተ ዓመታት ሁሉም «እናትና ልጅ» ሲል ነበር። በኅዳር 2024 የወጣው የዲኤንኤ ጥናት ትልቁ ሰው ወንድ እንደሆነ፣ ከሕፃኑም ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌለው አሳየ። ልብ የሚነካ ነው። የማይዛመደው ሕፃን ይዞ ሞተ ማለት ነው። ደግሞ የራሳችንን ግምት ያጋልጣል፣ አምባርና ሕፃን ስናይ ወዲያው «እናት» ማለታችንን።

ሦስተኛ፣ ራፓ ኑይ ወይም የፋሲካ ደሴት። ነዋሪዎቹ ደናቸውን ጨርሰው በ1600ዎቹ ራሳቸውን አጠፉ የሚለው ታሪክ ብዙ ቦታ እንደ ማስጠንቀቂያ ይተረካል። በመስከረም 2024 የወጣው ጥናት በፓሪስ ሙዚየም ውስጥ የሚገኙ የ15 ሰዎችን አፅም ዘረመል አነበበ። የሕዝብ ቁጥር በዚያ ዘመን አሽቆልቁሎ ቢሆን ዘረመላቸው ላይ ምልክቱ ይታይ ነበር። አልታየም። ቁጥሩ እስከ 1860ዎቹ እያደገ ነበር፤ ሕዝቡን ያመነመነው ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮችና በሽታ ናቸው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋርም ከ1250 እስከ 1430 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተቀላቀሉ ታይቷል፣ ኮሎምበስ ከመምጣቱ በፊት ማለት ነው። በአንድ ሕዝብ ላይ የተለጠፈ ጥፋት ሲነሳ ማየት ከማንኛውም ሐውልት ይበልጣል።

ሐውልትና መርከብ አታስገቡ እያልኩ አይደለም። በግብፅ ኤል አሽሙኔይን በመጋቢት 2024 የተነገረው የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት የላይኛው ክፍል 3.8 ሜትር ነው። የታችኛው ክፍል ግን በ1930 ተገኝቶ ነበር፣ ሁለቱ ከ94 ዓመት በኋላ ተገጣጠሙ። ደስ ይላል፣ አስገቡት። ግን ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ቁጥር ስታዩ ቆም በሉ

ዜና ላይ ስለ አንድ የዋሻ ሥዕል «51,200 ዓመት» ተብሎ የሚጻፈው ጥናቱ ላይ «ቢያንስ 51,200» ነው። ይህች «ቢያንስ» የምትባል ቃል እንዳትጠፋባችሁ።

ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት ላይ ያለው የሌአንግ ካራምፑአንግ ዋሻ ሥዕል ሰው የሚመስሉ ሦስት ቅርጾችና አንድ ትልቅ አሳማ አለበት። ቀለሙን ራሱን አልለኩትም። ዋሻው ሲያንጠባጥብ ሥዕሉ ላይ ቀጭን የካልሲየም ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በጊዜ ብዛት ወደ ቶሪየም ይለወጣል፤ የሁለቱን መጠን በሌዘር ሲለኩ የቅርፊቱ ዕድሜ ይገኛል። ቅርፊቱ ከሥዕሉ በላይ ስለሆነ ሥዕሉ ከእሱ ይበልጣል፣ በስንት እንደሚበልጥ ግን አይታወቅም። ይህን በሁለት አረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻላችሁ አንባቢያችሁ ከዜናው አንባቢ ይልቅ ብዙ አውቋል።

በዚያው ልክ ከ50,000 ዓመት በላይ የሆነ ነገር «በካርቦን ተለካ» ሲባል ጠርጥሩ፤ ራዲዮካርቦን ከዚያ ወዲያ አቅም የለውም። ድንጋይ የተጠረበበትን ጊዜም ካርቦን አይናገርም፣ የሚለካው ሕይወት የነበረውን ነገር ነው። ይህ ነጥብ በ2024 ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጉኑንግ ፓዳንግ የሚባል ኮረብታ አለ። በጥቅምት 2023 ኮረብታው ከ27,000 ዓመት ገደማ በፊት በሰው እጅ የተሠራ ፒራሚድ ነው የሚል ጥናት ታተመ። በመጋቢት 2024 ጆርናሉ ጥናቱን ሰረዘው። የተለካው አፈር ነው፤ አፈሩን ሰው እንደነካው የሚያሳይ ምንም ዕቃ አብሮት አልተገኘም። አፈሩ አሮጌ መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን አሮጌ አፈር በየትም አለ። ስለዚህ ቁጥር ስታዩ ሁልጊዜ የሚጠየቀው «የተለካው ምንድን ነው? ከሰው ሥራ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?» ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። «ከ3,300 ዓመት በፊት» እና «3300 ከክርስቶስ ልደት በፊት» ልዩነታቸው 2,000 ዓመት ነው። ስትተረጉሙ ይህ ስህተት በጣም ቅርብ ነው። በሰኔ 2024 ከእስራኤል ዳርቻ 90 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በ1,800 ሜትር ጥልቀት እንደተገኘ የተነገረው እንስራ የጫነ መርከብ «ከ3,300 ዓመት በፊት» የሚባለው ነው፣ 3,300 ዓመት ዕድሜ ያለው።

ላይዳርና ኮምፒውተር ያየውን ሰው በእግሩ አይቶታል ወይ?

የቅርብ ዓመታት ዝርዝር ያለ ላይዳር አይሞላም። አውሮፕላን ወይም ድሮን የሌዘር ጨረር ወደ መሬት ይልካል፣ በቅጠሎች መካከል አልፎ መሬት የደረሰው ተመልሶ ሲመጣ ከደኑ ሥር ያለው የመሬት ቅርጽ ይሳላል። ውጤቱ ያስደንቃል፤ ግን የሚያሳየው ቅርጽን ብቻ ነው። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደኖረበት አይናገርም።

በጥቅምት 2024 ሜክሲኮ ውስጥ ካምፔቼ ግዛት «ቫለሪያና» የተባለ የማያ ከተማ ይፋ ሆነ። ታሪኩ በጣም የምወደው ነው። የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሉክ ኦልድ ቶማስ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ፣ የጉግል 16ኛ ገጽ አካባቢ ላይ፣ በ2013 ለደን ጥበቃ የተሰበሰበ የላይዳር ዳታ አገኘ። የሰበሰቡት ሰዎች የፈለጉት ዛፍ ነው። እሱ ያየው ፒራሚድ፣ አደባባይና የኳስ መጫወቻ ሜዳ ነው፤ በዳታው ውስጥ በጠቅላላው 6,764 ግንባታዎች። ለዓመታት ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ዳታ ነበር!

ነገር ግን ጥናቱ ሲወጣ ቦታው ላይ በአካል የተደረገ ቁፋሮ አልነበረም። ይህንን ጻፉት። ሌላም ጻፉ። ከተማው «የጠፋ» አልነበረም፤ ከዋና መንገድ በእግር 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ በአካባቢው የሚያርሱ ሰዎች አሉ። «ተገኘ» ስትሉ ለሳይንሱ ዓለም ነው የተገኘው። «ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ» ከማለት «ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታ ላይ ተነሳ» ማለት እውነትም ነው፣ ክብርም አለው።

ናዝካን አነጻጽሩ። በመስከረም 2024 የጃፓኑ ያማጋታ ዩኒቨርሲቲና አይቢኤም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዘው በፔሩ ናዝካ በረሃ መሬት ላይ የተሠሩ 303 ጥንታዊ ሥዕሎችን አዲስ እንዳገኙ አስታወቁ። እዚህ ኮምፒውተሩ የጠቆማቸውን ቦታዎች ሰዎች ለስድስት ወር በእግርና በድሮን ዞረው አረጋግጠዋል። 303 የሚለው ቁጥር የኮምፒውተሩ ግምት አይደለም፣ ታይቶ የተረጋገጠው ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ዝርዝራችሁ ላይ በግልጽ ይታይ፦ ከላይ የታየ፣ በእግር የተረጋገጠ፣ የተቆፈረ። ኡዝቤኪስታን ተራሮች ላይ በ2,000 ሜትር ከፍታ የተነሱት የሐር መንገድ ከተሞች፣ ቱጉንቡላክና ታሽቡላክ፣ በድሮን ላይዳር ከመቃኘታቸው በፊትም በእግር ተገኝተው ቁፋሮ ተጀምሮባቸው ነበር፤ ለዚህ ነው መረጃቸው የሚያስተማምነው።

ምንጭ እንዴት ይከተላል

ዜናውን ስታገኙ ወደ ኋላ ሂዱ። ጋዜጣው ከዩኒቨርሲቲው መግለጫ ወስዷል፣ መግለጫው ከጥናቱ ወስዷል፣ በየደረጃው «ምናልባት» የሚሉ ቃላት ይረግፋሉ። ጥሩ ዜና የጆርናሉን ስም ይጠቅሳል። የጆርናሉን ስምና የአንዱን ተመራማሪ ስም አንድ ላይ ፈልጉ፣ ይወጣል። ገንዘብ ቢጠይቅ እንኳ የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ ነፃ ነው። ከዚያ የጥናቱን የመጨረሻ ክፍል አንብቡ፤ ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ድክመት የሚናዘዙት እዚያ ነው። ሙሉውን ከፈለጋችሁ ለጸሐፊው ኢሜይል ላኩ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ።

ጥናት የሌለው፣ መግለጫ ብቻ ያለው ግኝትም ይኖራል፣ በተለይ የመንግሥት ቅርስ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት። አትጣሉት። «እስካሁን ጥናት አልታተመም» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት።

ከግኝቱ ጋር አብሮ ሌላ ባለሙያ፣ በሥራው ውስጥ የሌለ፣ የሰጠው አስተያየት ካለ ወርቅ ነው። እሱ የሌለበትን ዜና እኔ ግማሽ አድርጌ ነው የምቆጥረው።

አንዱን መዝገብ እንዴት ትጽፉታላችሁ

አጭር ይሁን። አንድ እንሞክር።

«ሺንፋ መተማ 1፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ። በመጋቢት 2024 በኔቸር የታተመ። ከ74,000 ዓመት በፊት ሱማትራ ላይ ቶባ የሚባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዎች በዚህ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። ዘመኑ የታወቀው ከፍንዳታው ተነስተው እዚህ የደረሱ፣ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቅንጣቶች አፈሩ ውስጥ ስለተገኙ ነው። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ አየሩ እንደደረቀ ያሳያል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፣ ከበፊቱ የበለጠ ዓሣ መብላት ጀመሩ። ከዚህ በፊት ሰው ከአፍሪካ የወጣው በእርጥብ ዘመን ነው የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋ ነበር፤ ይህ ቦታ ግን በደረቅ ወቅትም ኩሬዎችን እየተከተሉ መጓዝ ይቻል እንደነበር ይጠቁማል።»

ቦታ፣ ቀን፣ ምን፣ እንዴት ታወቀ፣ ምን ተለወጠ። የመጨረሻዋ «ይጠቁማል» ናት፣ «ያረጋግጣል» አይደለችም።

የሰውና የቦታ ስም ስትጽፉ አጠራሩን ቪዲዮ ላይ ስሙ፣ አንዴ ወስኑ፣ ከዚያ አትቀያይሩ። ያልተጠበቀ ቦታን ትክክለኛ መገኛ አትለጥፉ፤ ዘራፊዎችም ያነባሉ። የአፅም ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ዘሮቹ ዛሬ በሕይወት እንዳሉ አስቡ። የራፓ ኑይ ጥናት ባለቤቶች ከደሴቲቱ ሰዎች ጋር ተመካክረው ነው የሠሩት፣ አፅሙ ወደ አገሩ ስለሚመለስበት ጉዳይም ተነጋግረዋል።

የጠፋውንም መዝግቡ

ብዙ ዝርዝር ላይ የማላየው ይህ ነው፣ ያናድደኛል። በመስከረም 2024 በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ውስጥ እንደተዘረፈ ተዘገበ። የኩሽ ነገሥታትን ታሪክ የያዘ ቤት ነው። አንድ አዲስ መቃብር ከሚጨምርልን ይልቅ እዚያ የጎደለው ሊበልጥ ይችላል። የዓመቱ ታሪክ አካል ነው፣ ይጻፍ።

የተመለሱ ቅርሶችም ይግቡ፣ ቃሉን እየለያችሁ። የአሳንቴ መንግሥት (ዛሬ ጋና ውስጥ ያለ) 32 የወርቅና የብር ዕቃዎች በ2024 ከለንደን ሁለት ሙዚየሞች ወደ ኩማሲ ሄደዋል፣ በብድር ነው። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ፋውለር ሙዚየም የሄዱት ሰባት ዕቃዎች ግን ለዘለቄታው ነው የተሰጡት። ሁለቱንም «ተመለሱ» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም።

ዝርዝሩን አትዝጉት

አንድ ባዶ ዓምድ ተዉ፣ «ከዚያ በኋላ ምን ተባለ» የሚል። በየስድስት ወሩ ተመለሱና ሙሉት። የስቶንሄንጁ ድንጋይ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ነው በተባለ ማግስት ብዙ ሰው በጥንታዊ ሐውልቶቿ የምትታወቀውን ኦርክኒን፣ ከስኮትላንድ ሰሜን ያሉትን ደሴቶች፣ መጠርጠር ጀምሮ ነበር። በመስከረም፣ ገና ወር እንዳለፈ፣ ሌላ ጥናት የኦርክኒን ዋና ደሴት ድንጋዮች መርምሮ ከዚያ እንዳልመጣ አሳየ። የነሐሴውን ብቻ ይዞ «ከኦርክኒ የመጣ» ብሎ የጻፈ ሰው እርማት አለበት። የእናንተም መዝገብ ላይ ከነሐሴው ቀን ሥር የመስከረሙ ይጨመር፣ የድሮው መስመር ሳይሰረዝ።